እናቴ ጅዳ ምን ትበላለች

ጅዳ የሚባለው አገር፣ ልጅ ሆኜ፣ ከጓሯችን እንሰት ጀርባ ያለ ነበር የሚመስለኝ። እውነቴን ነው ሐያት፣ አትሳቂ፣ ዝም ብለሽ ጻፊ። እናቴ የሄደች ቀን በእንሰቱ መሀል ባለችው ቀጭን መንገድ ነው የወጣችው፣ ጋሪው አስፋልቱ ጋ ይጠብቃት ነበር፤ ነጭ ሻሿ በሰፋፊው ቅጠል መሀል ብቅ ጥልቅ ሲል ሲል ቆይቶ ጠፋ። እና እኔ ምን ልወቅ፣ ከዛ ወዲያ ያለው ሁሉ ጅዳ ነው። ያኔ ማታ ማታ ቅጠሉ በነፋስ ሲንኮሻኮሽ መጣች ብዬ በር ላይ እወጣለሁ። ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ ወይ ስምንት፣ እኛ ቤት የልጅ ዕድሜ ማን ይቆጥር ነበር።

አባቴ ቀደም ብሎ ሞቷል። እናቴ ሉባባ ሰው ቤት ልትሠራ ስትሄድ፣ እኔንና ታናሽ ወንድሜን፣ አባትሽን፣ ለአጎቷ ለአባባ ስሩርና ለሚስቱ ለእማማ ሸምሲያ አደራ ብላ ሰጠችን። እነሱ ልጅ አልነበራቸውም። አባትሽ ያኔ ገና ድክ ድክ የሚል ነው፤ በሳምንቱ እማማ ሸምሲያን እማ ማለት ጀመረ፣ ቆጮውን በሁለት እጁ ይዞ ሲገምጥ ከጉንጩ በቀር ምኑም አይታይም ነበር። ይሄንንም ጻፊው፣ ራሱ ያንብበው።

ቤታችን ከቡታጅራ ወጣ ብሎ መስቃን ውስጥ ነው፣ ያ አሁን ቆርቆሮ የሆነው፣ ያኔ ትልቅ ክብ የሣር ቤት ነበር። ከመግሪብ በኋላ ላሞቹ በአንድ በኩል ገብተው ያመሰኳሉ፣ ኩራዟ ምሰሶው ላይ ተንጠልጥላ ትጨሳለች፣ እማማ ሸምሲያ ቆጮውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ምጣዱ ላይ ታሳርፈዋለች፤ ቅጠሉ ማረር ሲጀምር የሚወጣው ጭስ እንዴት ልንገርሽ፣ ዓይን አያቃጥልም፣ ትንሽ ጣፈጥ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ፣ ዝናብ መትቶት ያደረ ሣር ላይ እሳት የለኮሱበት ዓይነት ነው። የአባባ ስሩር ድምፅ የሚመጣው ከዛ ጭስ ውስጥ ነበር። ቀጭን ረጅም ሰውዬ ነው፣ ተረት ሲያወራ እጁን አያወራጭም፣ ሰውም አያይም፣ ፍሙን ብቻ እያየ ነው፣ ፍሙ ላይ የተጻፈ ነገር የሚያነብ ነበር የሚመስለው። በጎረምሳነቱ በምጽዋ በኩል በጀልባ ተሻግሮ ጅዳ ወደብ ላይ ጆንያ ሲሸከም ኖሯል። ግን ስለ ጅዳ አውርቶ አያውቅም ነበር፣ እናቴ እስክትሄድ። የሚያወራልን ስለ ጅብና ስለ ጦጣ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ካሴት መጣ። ያኔ ስልክ የለ፣ ዐረብ አገር ያሉት ድምፃቸውን ካሴት ላይ ቀድተው በመንገደኛ ነው የሚልኩት። ቴፕ የነበረው ከድር ነው፣ ቡታጅራ በርበሬ የሚነግደው። ሄደን በርበሬው መጋዘን ውስጥ ተቀመጥን፣ ጆንያው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። እናቴ ታወራለች፣ እኛ እናስነጥሳለን። አሰላሙ አለይኩም ትላለች፣ አባባ ስሩር ወአለይኩም ሰላም ሊል አፉን ሲከፍት ማስነጠስ ይቀድመዋል። እየሳቅን ነበር። ከዛ እንዲህ አለች፦

«ሰዎቹ ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። ምግቡ ነው አልወርድ ያለኝ። ጠዋት ሩዝ፣ ማታ ሩዝ። አፌ ቆጮ ቆጮ ይላል። ልብሴ ሁሉ ሰፍቶኛል።»

ከዛ ካሴቱ ብቻ ሽሽሽ ይላል። እኔ ዓይኔን ሳሻሽ ከድር ልቅሶ መሰለው፣ በርበሬው ነበር። ሊያጽናናኝ ብሎ፣ «አይዞሽ ሙና፣ ምግቡ ካልተስማማት ትመጣለች፣ ስንቷ ናት ሆዷ እምቢ ብሏት የተመለሰችው» አለኝ።

አየሽ ይቺን። ይቺ ናት ያጠፋችኝ። አንደኛ እናቴ ተርባለች። ሁለተኛ ከተራበች ትመጣለች። ትንሽ ልጅ ይሄን ሁለቱን ይዛ እንዴት ትተኛለች። እናቴ እንድትበላ እፈልጋለሁ፣ ሙች ልበልሽ፣ ግን ከበላች አትመጣም። ለማንም አልተናገርኩም፤ ከዛ ማታ ጀምሮ ቆጮ ሲሰጠኝ የበላሁ እመስላለሁ እንጂ አልበላም። እሷ እዛ ሳትበላ እኔ እዚህ እንዴት ልብላ። ድርሻዬን በቅጠል ጠቅልዬ ከአልጋው ሥር አስቀምጣለሁ፣ ጠዋት ድመቷ ወስዳዋለች። እየከሳሁ ሄድኩ። እማማ ሸምሲያ የእጄን አንጓ በጣቶቿ ትይዝና ባሏን ታየዋለች።

አባባ ስሩር አንድ ማታ ከጅብና ከጦጣው ወጣ። ፍሙን እያየ፣ «ጅዳ ቆጮ የለም ያለሽ ማነው?» አለኝ።

«እማዬ» አልኩ።

«እናትሽ መጤ ናት፣ መች አገሩን አወቀችው። እኔ በልቻለሁ ጅዳ።»

«የት?»

«እሱ ሩቅ ነው። መንገዱ የሚሄደው በጉርሻ ነው። አንቺ ስታኝኪ እኔ እሄዳለሁ፣ ስታቆሚ እቆማለሁ።»

እንዲህ ነው የተጀመረው። አንድ ቁራሽ አፌ ውስጥ አደረግኩ፣ ማኘክ ስጀምር እሱ ጅዳ ውስጥ መሄድ ጀመረ። እንዴት ያለ አገር ነበር መሰለሽ። ቤቶቹ ፎቅ ናቸው፣ መስኮታቸው የተፈለፈለ እንጨት ነው፣ ከዛ ኋላ ሴቶቹ ሳይታዩ ያያሉ። ባሕሩ ወደ ማታ የቀለጠ ቅቤ ይሆናል። ውሃ የሚሸጠው ሰውዬ ዓይነ ስውር ነው፣ ግን የመጣበትን ሰው አገር በላቡ ሽታ ይለያል፤ አባባ ስሩርን አሽትቶት፣ «የናንተ አገር ሴት አለች፣ ከዓሣው ገበያ ኋላ፣ አረንጓዴ በር ያላት» አለው። ሴትየዋ፣ ይለናል አባባ ስሩር፣ ከሐጅ መንገደኞች ጋር በሱዳን በእግሯ ነው የሄደችው፣ የእንሰት ችግኝ በእርጥብ ነጠላ ጠቅልላ ጀርባዋ ላይ አዝላ፣ ሰው ሁሉ ልጅ ያዘለች መስሎት መንገድ ይለቅላታል። ጅዳ ስትደርስ ግቢዋ ውስጥ በርሜል ቆርጣ ተከለችው። ውሃ እዛ ውድ ነው፤ እሷ ግን የጎረቤቱን ሁሉ የውዱእ ውሃ፣ ለሶላት የታጠቡበትን፣ ታጠራቅምና እሱን ታጠጣዋለች። በሶላት ውሃ ያደገ እንሰት በይው።

እኔ እያኘክሁ እሰማለሁ። ዓይኔ ጭሱ ላይ ነው፣ ጭሱ ውስጥ ያቺን በር አያታለሁ። ግን አንድ ነገር ነበር ሐያት፣ እሱ ያልገባው። ሊደርስ ሲል፣ በሩን ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሳ፣ ማኘኬን አቆማለሁ። እሱም ቃሉ ቃል ነው፣ ይቆማል። «እንግዲህ እግሬ ደከመ፣ ነገ» ይላል። በነጋታው ሌላ መንገድ ያስጀምረኛል፣ በጨርቃ ጨርቁ ሰፈር፣ በመርከቡ በኩል፣ በመስጊዱ ጓሮ፤ በሩ ጋ ስንደርስ አፌን እዘጋለሁ። ምክንያቱም ከገባ ጅዳ ውስጥ ቆጮ አለ ማለት ነው፤ ቆጮ ካለ እናቴ ታገኘዋለች፤ ካገኘችው ምን ያመጣታል ወደኛ። የተረት በር ዘግቼ እናቴን ላስመጣ ነበር።

አንድ ማታ ግን ተሸወድኩ። ጎመኑ በአይብ ተደርጎ ነበር፣ ቅቤው በጣቴ መሀል ይፈሳል፣ እኔም ለካ ርቦኝ ኖሯል፣ ረስቼው እበላለሁ፣ እበላለሁ፣ አባባ ስሩር ሆዬ አንኳኩቶ ገባ። ሴትየዋ ታማ ተኝታለች። «ልጄ» አለችኝ ይላል፣ «እኔ መነሳት አልቻልኩም፣ እንሰቱ ያው፣ አንተው ሠርተህ ብላ።»

«እና ምን አደረግክ?» አለችው እማማ ሸምሲያ፣ ጎመኑን እየጨለፈች።

«ምን አደርጋለሁ፣ ቆረጥኩት፣ ፋቅኩት፣ አቦካሁት፣ ለመግሪብ ጋግሬ ቁጭ ብዬ በላሁ።»

እማማ ሸምሲያ ጭልፋው ከእጇ ወደቀ። ሳቅ ብቻ አይደለም፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ በሻሿ ዓይኗን እየጠረገች፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት። «ቆርጠህ በዛው ቀን? እንጨት በላህ በለኛ። ላም እንኳ እንደሱ አትበላም።»

አባባ ስሩር ግራ ገባው። ይሄ የኛ አገር ወንድ ነገር ነው፣ አንቺ አዲስ አበባ ስላደግሽ አታውቂው ይሆናል። እንሰት የሚፋቅበት ቦታ ወንድ አይደርስም። ሴቶቹ እግራቸውን ዘርግተው፣ ልብሳቸውን ሰብስበው ነው የሚሠሩት፤ ወንድ በዛ በኩል ማለፍ ካለበት ከሩቅ ያስላል፣ ዞሮ ይሄዳል። አባባ ስሩር ዕድሜውን ሙሉ ቆጮ የበላ ሰው፣ ቆጮ ምን እንደሆነ አያውቅም። ከተክሉ ቀጥታ ምጣድ ላይ የሚወጣ ነበር የሚመስለው።

«እሺ፣ ስንት ቀን ነው የሚቆየው?» አላት ቀስ ብሎ።

«ቀን?» ብላ እንደገና ሳቀች። «ይፋቃል፣ ይቀበራል፣ ጉድጓድ ውስጥ ወራት ይተኛል፣ ይገላበጣል፣ ይጨመቃል፣ ቃጫው ይከተፋል፣ ከዛ ነው ያንተ አፍ የሚገባው።»

እኔ ይሄኔ ዘልዬ ተነሳሁ። «እና ጅዳ ቆጮ የለም ማለት ነው?»

ድምፄ ውስጥ ምን እንደነበረ እንጃ። ደስታ ነው መቼም። እማማ ሸምሲያ ሳቋን አቆመች፣ ኩራዟን ከምሰሶው አውርዳ ወደኔ ጠጋ አደረገቻት፣ ፊቴን አየችው። ሰሃኑን ሰበሰበች።

በነጋታው ወደ ጓሮ ይዛኝ ሄደች፣ ቆጮው ወደ ተቀበረበት። ድንጋዩን አነሳን፣ የደረቀውን ቅጠል ገለጥን፣ ያ ኃይለኛ ኮምጣጣ ሽታ ወጣ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«ሙኒዬ፣ እናትሽ ከራባት የምትመጣ ይመስልሻል?»

መሬት መሬት አየሁ።

«ውል ነው የፈረመችው። ቢርባትም ብትጠግብም እሱ ሳያልቅ አትመጣም። ርቧት ብትውል ዝም ብሎ ነው የሚርባት። ብትበላ ግን ትችለዋለች።»

«ከቻለችውስ?» አልኩ። «ከቻለችው ትቀራለች?»

እማማ ሸምሲያ ከቅጠሉ ላይ አንድ ትል አንስታ ወረወረች። «ከውሉ በኋላ ልትጨምር ትችላለች» አለች። «አላውቅም። ልትቆይ ትችላለች።»

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ አይ የኔ ልጅ ትመጣለች ይለኝ ነበር። እሷ አልዋሸችኝም። እስከ ዛሬ የምወድላት ይሄን ነው። ከዛ፣ «ከድር ዘንድሮ ሐጅ ይሄዳል። የምናሸክመው ነገር አለ፣ ወይም የለም። አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ» አለችኝ።

ዶሮዎቹ መጥተው ዙሪያችንን ሲጭሩ አስታውሳለሁ። እናቴ ልብሴ ሰፍቶኛል ያለችው ጆሮዬ ውስጥ ነበር፣ ያንን ልብሷን አስባለሁ፣ አበባ አበባውን፣ በትከሻዋ ላይ ሲንሸራተት አየዋለሁ። ከዛ እጄን እስከ ክርኔ ጉድጓዱ ውስጥ አስገባሁ።

«ከላይ ያለውን አይደለም» አልኩ። «ከሥር ያለውን፣ ያረጀውን፣ የሚጣፍጠውን።»

እማማ ሸምሲያ ሻሿን ወደ ኋላ አጥብቃ አሰረች፣ ሥራ ስትጀምር እንደምታደርገው።

ያን ማታ ተረቱ ከአረንጓዴው በር ነው የቀጠለው፣ ያስቀጠልኩት እኔ ነኝ፣ ሳላቆም አኘክሁ። ግን ተረቱ አሁን የአባባ ስሩር ብቻ አልነበረም። እማማ ሸምሲያ እንደ ዳኛ ተቀምጣለች።

«የት ቀበረችው?» አለችው።

«ግቢዋ ውስጥ።»

«አሸዋ ነው አላልክም? አሸዋ ውሃውን ይመጠዋል። ይደርቅባታል።»

«እሺ በርሜል ውስጥ።»

«በርሜሉ ምን ነበረበት?»

«ጋዝ።»

«ጋዝ ጋዝ የሚሸት ቆጮ ልታበላ ነው እንግዳዋን።»

«የተምር በርሜል ነው» አለ አባባ ስሩር ተሸንፎ፣ «የተምር ማር የነበረበት፣ በእንጨት የተሠራ፣ መርከበኞች ናቸው የሰጧት።»

«እሱ ይሁን» አለች። ከዛ ተረቱን እሷ ራሷ ያዘችው፣ ከቡታጅራ ገበያ አልፋ የማታውቀው ሴት፤ ሴትየዋ በርሜሉን በቅጠል ስታለብስ፣ ፀሐዩ እንዳያደርቀው ቀን ቀን እርጥብ ጆንያ ስትደርብበት፣ ጎረቤት ምን ሸተተ ሲል ሴትየዋ መድኃኒት ነው ስትል። እሱ መንገዱንና ባሕሩን ያውቃል፣ እሷ ምግቡን ታውቃለች። ሁለቱ ተጋግዘው ጅዳ ውስጥ አንድ ቤት ሠሩ፣ እኔ እንቅልፍ እየወሰደኝ ጭሱ መሀል ያቺን ሴት አየኋት፣ ከአልጋዋ ተነስታ ቆጮውን ስትቆርሰው፣ እንፋሎቱ ፊቷን ሲሸፍነው።

ዕቃው ተሰናዳ። ቆጮው ተጨምቆ፣ ተከትፎ፣ ስስ ተደርጎ ተጋግሮ ፀሐይ ላይ ደረቀ። ቡላው ዱቄት ሆነ፣ ነጭ፣ እንደ ጠመኔ፤ እሱ እንሰቱ ሲጨመቅ ከውሃው ሥር የሚረጋው ነው፣ ለወላድና ለእንግዳ የምናደርገው። ንጥር ቅቤ በጠርሙስ፣ ሚጥሚጣ። ሁሉንም በእጄ ነው ያሰርኩት፣ ቃጫው ጣቴን እስኪቆርጠኝ አጠበቅኩት። ከድር ሲሸተው ፊቱን አዞረ። «እኔ ወደ አላህ ቤት ነው የምሄደው፣ ይሄን ይዤ ነው የምገባ?» አለ። እማማ ሸምሲያ፣ «የተራበ ማብላት ምን ሆነና ነው» አለችው። ተሸክሞ ሄደ።

ሲመለስ ሐጂ ከድር ሆኖ ነው፣ በነጭ ጀለቢያ። ቤቱ ሰው ሞላ፣ ዘምዘም ተቀመሰ፣ ከዛ የኛን ነገር አወራ። ጅዳ ሲደርሱ ሻንጣውን የሚፈትሸው ወታደር ቡላውን አገኘው። ነጭ ዱቄት። ምንድነው አለው። ምግብ ነው አለ ከድር። ከምን? ከተክል። ፍሬው ነው? አይ፣ ፍሬውን አንበላም። ቅጠሉ ነው? አይደለም። ሥሩ ነው? «እኔ ምን አውቄ» ይለናል ሐጂ ከድር እየማለ፣ «ሥሩ ይሁን ግንዱ በየት ልወቅ፣ ሴቶቹን ጠይቁ አልኩት። የት ናቸው አለኝ። ቡታጅራ አልኩት።» ወታደሩ ብላው አለ። ሰው ሁሉ በሰልፍ ቆሞ እያየው ደረቅ ቡላ በእፍኙ ዘግኖ ዋጠ። ምላሱ ከላንቃው ተጣበቀ፣ አፉ ዙሪያውን ነጣ፣ መናገር አቅቶት በእጁ ውሃ ውሃ ሲል ወታደሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ጓደኞቹንም ጠርቶ አሳያቸው። አሳለፉት። ያን ቀን የሳቅነው ሳቅ። አባባ ስሩር ግን ከሁሉ የበለጠ ደስ አለው፤ እሱ ብቻ አለመሆኑን አወቀ።

ከዛ ካሴቱ ገባ። እንደገና መጋዘኑ ውስጥ፣ እንደገና በርበሬው።

«ሙና» አለች እናቴ። እንደዛ በስሜ ስትጀምር የመጀመሪያዋ ነው። «ደረሰኝ። አርብ ሰዎቹ ወጥተው ነበር፣ ቡላውን ገንፎ አደረግኩት። ቅቤው ሲቀልጥ ሽታው ቤቱን ሞላው፣ መስኮት ልከፍት ብዬ ተውኩት፣ ይቆይልኝ አልኩ። ቆሜ በላሁ። ከዛ ወለሉ ላይ ተቀምጬ በላሁ። ከላይኛው ፎቅ የምትሠራ አንዲት ልጅ አለች፣ የጉንችሬ ልጅ፣ የኛው አገር ሰው፣ በደረጃው ስንተላለፍ ሰላም ብቻ ነበርን። ሽታውን ተከትላ መጣች፣ ወለል የምትወለውልበትን ጨርቅ እንደያዘች። አንኳኳች፣ ከፈትኩላት፣ ሰላምም አላለችኝ፣ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። ግማሹን ሰጠኋት። ስትጨርስ ሰሃኑን አጥባልኝ ሄደች።»

ካሴቱ ሽሽሽ አለ። ማንም አላስነጠሰም።

«አሁን ደህና ነኝ ልጄ። የሚገርመው ሩዙም እየወረደልኝ ነው። አሁን እችለዋለሁ። ውሉ ሲያልቅ አድሱልኝ እላለሁ፣ ቤት እንድንሠራ፣ እንድትማሪ። የምትልኪልኝ ከሆነ እችለዋለሁ።»

ሰው ሁሉ አልሐምዱሊላህ አለ። ሐጂ ከድር ራሴን ዳሰሰኝ። እኔ እማማ ሸምሲያን አየኋት፣ እሷም እኔን። ከሁላችንም እሷ ብቻ ነበረች ምን እንደሰማሁ የምታውቀው። እጄን ያዘችኝና እስከ ቤት አልለቀቀችኝም፣ በእንሰቱ መሀል እንኳ፣ መንገዱ ለሁለት የማይበቃበት ቦታ፣ በጎን እየሄደች።

ማታ አባባ ስሩር፣ «ዛሬስ በየት በኩል እንሂድ?» አለኝ። ተረት አልፈልግም አልኩት። ቆጮዬን በላሁ፣ ጨርሼ ጨምሩልኝ አልኩ። የጠገብኩበትን ቀን አስታውሰዋለሁ፣ የሚጣፍጥ ነበር፣ የሚመርም ነበር።

ከዛ በኋላማ ልማድ ሆነ። ሐጅ በደረሰ ቁጥር እናሰናዳለን። መጀመሪያ አሳሪ ነበርኩ፣ ቀጥሎ ከታፊ፣ ቁመቴ ሲደርስ ፋቂም ሆንኩ። የጉንችሬዋ ልጅ እዛው ጅዳ ላለች የወልቂጤ ጓደኛዋ ነገረች፣ እሷ ለሌላዋ፣ እናቴ ዘንድ አርብ አርብ የሚሰበሰቡት በዙ፤ አንዳንዷ ጎመን አገኘሁ ብላ ትመጣለች፣ አንዳንዷ የፍየል ወተት ረግቶልኝ አይብ መሰለልኝ ብላ። በካሴቱ ሳቃቸው ይሰማኛል። እናቴ ከነሱ ጋር ስትስቅ እሰማለሁ፣ እኔ ያልሰማሁትን ቀልድ። ሳልቀና ቀረሁ አልልሽም። አሁንማ ጅዳ ሱቅ ውስጥ በላስቲክ ታሽጎ ይሸጣል አሉ፣ ልጆቹ በስልክ ያሳዩናል፣ ሩቅ የሚባል ነገር ጠፋ። ያኔ ግን ሩቅ ነበር። አባባ ስሩር እሷ ሳትመለስ ሞተ፣ አላህ ይዘንለት፤ ያቺን አረንጓዴ በር በእውነት አይቷት እንደሆነ ወይ ለኔ ብሎ እንደሠራት አልጠየቅኩትም። መጠየቅም አልፈለግኩም።

እናቴ የመጣችው ሙሉ ሴት ሆኜ ነው። ቡታጅራ መናኸሪያ ቆመን ስንጠብቅ አባትሽ የቷ እንደሆነች አላወቃትም፣ የወረደችውን ሴት ሁሉ እያየ ይቺ ናት፣ ይቺ ናት ይለኛል። እኔ አወቅኳት፣ በእግሯ አረማመድ። ግን ወፍራለች። ያቺ ልብስ የሰፋት ሴት ቀርታ፣ ፊቷ ሞልቶ፣ አንገቷ ሞልቶ፣ አባያዋ ውስጥ ሰፊ ሆና፣ ቀስ ብላ ነው ከአውቶቡሱ የወረደችው። ሰዉ ማሻአላህ ማሻአላህ ይላል፣ ደስ ብሎት፣ ሰው አገር ሄዶ ወፍሮ መምጣት ቀላል ነገር ነው እንዴ። እኔ ሄጄ አቀፍኳት። እጆቼን ዘረጋሁ፣ በጀርባዋ በኩል ላገናኛቸው ፈለግኩ፣ አልደረሱም። በልጅነቴ ሳቅፋት ወገቧ ላይ ተገናኝተው ጣቶቼን ቆልፌ እንጠለጠልባት ነበር፤ አሁን ክንዴ ረዝሞ እንኳ አልደረሱም። ያኔ ነው ያለቀስኩት። ሰው የናፍቆት መሰለው፣ ናፍቆትም ነበር። ግን ያንን ሥጋዋን ይዤ፣ ይሄ የኔ ነው እያልኩ ነበር፣ ያልነበረችባቸው ዓመታት እዚህ ነው ያሉት፣ በእጄ እየጠቀለልኩ የላክሁት እዚህ ነው የገባው። አልጠፋም። ሙቅ ነበር።

እና ሐያት፣ ከተረቱ ምን ቀረልሽ አልሽኝ አይደል መጀመሪያ። ይሄ ነው የቀረኝ፣ ሌላ የለም። ከዐረብ አገር የተመለሰች ልጅ በሰላም ገባሽ ብዬ ሳቅፍ፣ ሳላስበው እጄ ጀርባዋ ላይ ይለካል። ጣቶቼ ከተገናኙ ዝም ብዬ ወደ ቤት ወስጄ አበላታለሁ፣ ምንም አልጠይቃትም። ሳይገናኙ ከቀሩ ግን ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ፤ እዛ አብሯት የበላ ሰው ነበር፣ እዚህ ደግሞ ብትቆይም ትብላ ብሎ እየላከ የጠበቃት አለ። ያንን ሰው ከእሷ ትከሻ በላይ አሻግሬ በዓይኔ እፈልገዋለሁ፣ ብዙ ጊዜ ትንሽ ልጅ ነው።